ያልጠጣው ሰው ኑዛዜ

የቀድሞው ገዥ ባረፈ በአራተኛው ዓመት፤ ጠላት የወንዙን መሻገሪያ ይዞ ከተማይቱን ዙሪያዋን ከከበበ ስምንተኛው ወር ሲጋመስ፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ ግን ከቅጥሩ ራስ ላይ ገና አልተገፈፈም ነበር። በሰሜኑ በር አጠገብ፤ ከሰው መኖሪያ ተነጥሎ በወፍራም ግንብ በታጠረው የባሩድ ቤት ደጃፍ፤ ሠራተኞቹ እንደ ወትሯቸው በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ብረት ከድንጋይ ተጋጭቶ እሳት እንዳይጭር ቀለበታቸውን አውልቀው፤ ቢላዋቸውን ለዘበኛ አስረክበው፤ ልብሳቸውን በገመድ ታጥቀዋል። ከፊታቸው፤ የዝናቡን ውሃ በሚያወርደው ቦይ ላይ፤ ከመዳፍ እምብዛም የማትሰፋ አንዲት ሳንቃ ተጋድማለች።

ወደ ባሩድ ቤት የሚገባ ሁሉ፤ ከአለቃው እስከ ከሰል ተሸካሚው፤ በየማለዳው በዚያች ሳንቃ ላይ ተራምዶ መሻገር ነበረበት። ሳይንገዳገድ የተሻገረ ሙቀጫው ይሰጠዋል፤ የተንገዳገደ ሰክሯል ተብሎ ይመለሳል። ከበባው ከጠና ወዲህ ደግሞ ገዥው፤ "በባሩድ ቤት ሰክሮ የተገኘ፤ ከተማይቱን ለጠላት እንደ ሸጠ ተቆጥሮ በሞት ይቀጣል" የሚል አዋጅ አስነግሮ ነበር። ሳንቃዋን ያስጋደማት ግን ገዥው አልነበረም፤ ራሱ የባሩድ አለቃው ነው።

ይህ አለቃ ዕድሜው ከሃምሳ ጥቂት ያለፈ፤ ቀጭን፤ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። መጠጥ የሚባል ነገር በከንፈሩ ነክቶ አያውቅም፤ ሰርግ ቢጠራ፤ ሹመት ቢመረቅ፤ ጽዋ ሲነሣ እሱ የሚያነሣው ውሃ ነው። ከተማውም "አለቃ ውሃ" የሚል ስም አውጥቶለት፤ "ይብላኝ ለገዥው፤ ባሩዱን ለውሃ አደራ ሰጠ!" እያለ ይስቅበት ነበር። እሱ ይህን ቀልድ ይወደዋል፤ ስሙንም እንደ ሹመት ይቆጥረዋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት አባቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

የዚያን ማለዳ የዘበኞቹ አለቃ ከልማዱ ቀድሞ ደረሰ። ጠላት ሊያጠቃ ነው የሚል ወሬ ስለ ነበር ባሩዱ ቶሎ እንዲወጣ አዝዞ፤ "አለቃ፤ እርስዎ ይቅደሙ፤ ቁልፉ በእጅዎ ነው" አለ። አለቃ ውሃ ወደ ኋላው ዞር ብሎ የሚያመካኝበት ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። ቀኝ እግሩን አንሥቶ ሳንቃዋ ላይ አኖረ፤ ግራውን አስከተለ፤ እግሩ ግን ካሰበበት ቦታ አልወረደም፤ አልፎ ሄደ። እጆቹን ዘረጋ፤ እጆቹም እንደ እግሩ የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩት ከነቁልፉ ቦይ ውስጥ ወደቀ።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሁሉም ዝም አለ። የዘበኞቹ አለቃ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጠውና፤ "ምን ነካዎት አለቃ?" ብሎ ጠየቀ።

"አዳለጠኝ… ዝናቡ ነው" ሊል ነበር። ቃላቱ ግን አፉ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው፤ አንዱ ተጎትቶ ሌላው ተዘልሎ ወጡ። ይህን አነጋገር በዚያች ከተማ የማያውቀው አልነበረም፤ ከመሸታ ቤት የሚወጣ ሰው አነጋገር ነው። የዘበኞቹ አለቃ ፊቱ ተለወጠ። የወደቀው ሰው ባልደረባው ብቻ ሳይሆን የነገ ዘመዱ ነበር፤ የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ሊያገባ ቃል ታስሮ፤ ሰርጉ የሚጠብቀው የከበባውን መነሣት ብቻ ነበር።

"ቤትዎ ይቆዩ" አለው በመጨረሻ፤ "ነገሩ ለገዥው ሳይነገር አይቀርም። ደጅዎ ላይ ዘበኛ ባቆም አይቀየሙኝ።"

ነገሩ በዚያ ማለዳ የጀመረ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ መጀመሪያ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረ፤ "ዕድሜ ነው" አለ። ቀጥሎ ድኝ ሲመዝን ማንኪያው ከሚዛኑ ጠርዝ እየተጋጨ ይፈስበት ጀመር፤ "እንቅልፍ ማጣት ነው" አለ። ሳንቃዋን መሻገር ሲያቅተው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ፤ ማንም ሳያየው እንደ ሕፃን እየዳኸ ይሻገርና፤ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ከማዶ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። እነሱም ትጋቱን ያደንቁ ነበር። አንድ ቀን በድኝ የተሞላ እንስራ ከእጁ አምልጦ ወድቆ ሲሰበር፤ ወለሉን ያላደረቃችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ሰው ሁሉ ላይ ጮኸ። ይህ ጥፋት ነበር፤ የሚያዝንለት ሁሉ ሊክደው አይገባም። እጁ የማይታዘዘው ሰው በባሩድ መካከል መዋሉን እያወቀ መደበቁ፤ አንድ ፍንጣሪ ብትነሣ ከተማይቱን ግማሿን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር። ሆኖም ሰውዬው ከሞት ይልቅ አንድ ስም ይፈራ ነበር፤ የአባቱን ስም።

አባቱም በዘመኑ የባሩድ አለቃ ነበር። ጉልምስናው ሲያልፍ እግሮቹን አራርቆ፤ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰ፤ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ዘመም እያለ መሄድ ጀመረ፤ ሰውም "አባ ዘንበል" አለው። የዚያ ዘመን ገዥ በገበያ መካከል አስገርፎ ከሹመቱ ሻረው። ልጁ ያን ጊዜ ገና ጢሙ ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። አባቱ ሲተኛ ጠብቆ አፉን አሸተተ፤ ሽታ የለም፤ "ቅርንፉድ አኝኮበት ነው" አለ። ጣራውን፤ ጋጣውን፤ የእህል ጉድጓዱን በረበረ፤ ጠርሙስ አጣ፤ "ጎረቤት ቤት አስቀምጦት ነው" አለ። እንዲሁ የሌለ ጠርሙስ ሲፈልግ ጎረምሳነቱ አለቀ። አንድ ቀን አባትየው እጁን ይዞ፤ "ልጄ፤ በአንተ እምላለሁ፤ አልጠጣሁም" ቢለው፤ "ታዲያ የሰከረችው ምድሪቱ ናት?" ብሎ እጁን አስለቀቀ። አባ ዘንበል ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ በጓሮ ባለች ክፍል ብቻውን ሞተ። ልጁ ሲሾም መጀመሪያ ያዘዘው ነገር ሳንቃዋን ነበር። የፈሩት ይደርሳል፤ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ሰምቶት ይሆናል፤ ለሌላ ሰው የተባለ መስሎት ነበር እንጂ።

አለቃ ውሃ ቤቱ ሲገባ ሴት ልጁ በመስኮቱ ብርሃን ሥር ተቀምጣ የዘበኞቹን ሰንደቅ በወርቅ ክር ትጠልፍ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባትና ልጅ ብቻቸውን ይኖራሉ። በጭቃ የተለወሰ ልብሱን ስታይ አልደነገጠችም፤ ሥራዋን አስቀምጣ ተነሣች።

"ወደቁ?"

"ወደቅሁ እናቴ።" ልጁን "እናቴ" ነበር የሚላት።

"እኔ እኮ ዓመት ሙሉ ጽዋዎን በግማሽ የምሞላው ለምን ይመስልዎታል?" አለች፤ እንባዋ እየመጣ። "ሐኪሙን አስጠርቼዋለሁ። ዛሬ እምቢ አይበሉኝ።"

ሐኪሙ ከነጋዴዎች ጋር መጥቶ ከበባው መንገድ ስለ ዘጋበት በከተማው የቀረ የሩቅ አገር ሰው ነበር። መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ብዙ የሚያይ፤ ካየ በኋላም ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። አለቃውን እግሮቹን ገጥሞ እንዲቆም አደረገው፤ ቆመ፤ "ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለው፤ ሲጨፍን ሊወድቅ ሆነና ልጁ ደገፈችው። የራሱን አፍንጫ፤ ቀጥሎ የሐኪሙን ጣት በጣቱ እንዲነካ አዘዘው፤ ጣቱ ከዒላማው በደረሰ ቁጥር እየተርገበገበ አለፈ። አስተኝቶ ተረከዙን በሌላው እግሩ ቅልጥም ላይ ቀጥ አድርጎ እንዲያወርድ አዘዘው፤ ተረከዙ እየዘለለ ወረደ። በመጨረሻ ትከሻውን በኃይል ገፋው፤ አለቃው አልተገፋለትም።

"ጉልበትዎ የበሬ ነው" አለ ሐኪሙ። "ጉልበት አልጎደለዎትም፤ የጎደለዎት ልክ ነው። እጅ የት እንደሚቆም፤ እግር ምን ያህል እንደሚነሣ፤ ምላስ መቼ እንደሚታጠፍ የሚያስማማ የአንጎል ክፍል አለ፤ እዚህ፤ ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ። መምህሬ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ራስ ቅሉን ከፍቶ አይቶታል፤ እንደ ደረቀ ፍሬ ተጨማድዶ አገኘው። የእርስዎም እየመነመነ ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም። ሥር ቀቅዬ ብሰጥዎ ደስ ይልዎት ነበር፤ ግን ማታለል ይሆናል። እየባሰ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ ነው። አእምሮዎን ግን አይነካም፤ እብደትም አይደለም። እግርዎን አራርቀው ይራመዱ፤ በድንገት አይዙሩ፤ እንደ ጋሪ ሰፋ አድርገው ይዙሩ። ከባድ ጽዋ በሁለት እጅዎ ይያዙ፤ ሲበሉ ክርንዎን ገበታው ላይ ያሳርፉ። ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ይልቀቁት። ባሩድ ቤት ግን ከእንግዲህ አይግቡ።" ቀጥሎም፤ "አባትዎ እንዴት ይሄዱ ነበር?" ሲል ጠየቀ።

አለቃ ውሃ አባቱን አሰበ። ግድግዳውን የሚዳብስ እጅ፤ ወደ ሳህን የሚያጎነብስ ራስ፤ የሚጎተት ምላስ፤ ከዓመታት በፊት አይቶ የጠላው ሁሉ አንድ በአንድ መጣበት። አሁን የሚበላው እንደዚያው አጎንብሶ ነው። "አይጠጣም ነበር" አለ፤ "አይጠጣም ነበር! ምሎልኝ ነበር እኮ!" ብሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሊሸፍን ሲል እጆቹ ፊቱን ስተው ጆሮውን መቱት፤ ልጁ እጆቹን ይዛ አብራው አለቀሰች።

ሐኪሙ የቀረውን የተናገረው ሊወጣ ሲል፤ ደጁ ላይ ቆሞ ነው። "እንዲህ ያለው ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ሁሉንም አይዝም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ማንን እንደሚተው ግን እኔም አላውቅ፤ መምህሬም አላወቀ።" አለቃው ወደ ልጁ ዞረ። ክሩን በመርፌዋ ልታስገባ ወደ ብርሃኑ ይዛው ነበር፤ በአንድ ጊዜ አስገባችው። ያን ያህል የተደሰተበት ነገር በዘመኑ አልነበረም፤ ደስታው ግን ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልቆየም።

ከሰዓት በኋላ የዘበኞቹ አለቃ መጣ። ሰይፉን ደጅ አስቀምጦ መግባቱ ለዝምድናው ሲል መሆኑን ለማሳየት ነበር። ልጅቱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

"ነገ ገዥው ፊት ይቀርባሉ" አለ። "እንደ ወንድም ልንገርዎ። ጠጥተው ከሆነ፤ ጠጣሁ ይበሉ። አዋጁ ሞት ነው ይላል፤ ግን ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው ብዬ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ምናልባት ነፍስዎን ይምርልን ይሆናል።"

"ካልጠጣሁስ?"

የዘበኞቹ አለቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካልጠጡማ በሽታ ነው። ቅጣት የለብዎትም፤ ሹመትዎን አስረክበው ቤትዎ ይቀመጣሉ። ግን አባትዎም እንዲሁ ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ። እንግዲህ የዘር ነው ማለት ነው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው አለቃ። ሰካራም ልጁን አያሰክርም፤ ጥፋቱ ከጉሮሮው አያልፍም። በዘር የሚወርድ ደዌ ግን ቤቴ ሲገባ እያየሁ ዝም ልል አልችልም። ልጅዎን እንደ ልጄ እወዳታለሁ፤ ቃሉ ግን ይፈርሳል። ወሬውም ይወጣል፤ ሌላም ደጅዎን የሚያንኳኳ የለም።"

እንግዲህ የቀረበለት ምርጫ ይህ ነበር። እውነት ቢናገር እሱ ከነነፍሱና ከነክብሩ ይተርፋል፤ ልጁ ግን ሳትታመም የታመመች ትሆናለች። ቢዋሽ እሷ ታገባለች፤ እሱ ግን የሚጠላውን ስም ይሸከማል፤ ከአንገቱ መለያየት አለመለያየቱም በገዥው ፈቃድ ነው። የዘበኞቹ አለቃ ከወጣ በኋላ ልጅቱ ከጓዳ ወጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

"አባዬ፤ እንዳይዋሹ።"

"ልጁን ትወጂዋለሽ?"

"እወደዋለሁ" አለች፤ ሳታፍር። "የሰንደቁን ክር ከመላኩ በፊት ቀለሙን በብርሃን አይቶ የሚልክ ሰው ነው። ግን በዚህ ዋጋ አልፈልገውም። ለእኔ ሲሉ ስምዎን ይጣሉት እሺ፤ አያቴንስ? አያቴን ደግመው ሊቀብሩት ነው?"

ይህ ቃል ወጋው። ነገር ግን ሐኪሙ እንደ መከረው ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀቀ፤ "አባቴ፤ ሞቷል፤ አንቺ፤ ግን፤ አለሽ" አለ። ልጅቱ ለመነችው፤ ተቆጣች፤ እሱም እራቱን ሳይበላ አደረ። አባት አንዴ ከቆረጠ ማን ይመልሰዋል!

በማግስቱ በገዥው አዳራሽ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው፤ ጸሐፌ ትእዛዙ ብዕሩን ቀለም ነክሮ፤ ሐኪሙም ከኋላ ከዓምዱ ሥር ቆሞ ነበር። አለቃው በሁለት ዘበኞች መካከል እየተወላገደ ሲገባ ከዳር እስከ ዳር ተጉረመረሙ። ሐኪሙ ሊናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢል፤ አለቃው ራሱን ነቀነቀበት፤ ሐኪሙም የበሽተኛ ምስጢር የበሽተኛው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና፤ በቦታው ቀረ።

"ጠጥተሃል?" አለ ገዥው።

"ጠጥቻለሁ፤ ጌታዬ።" ምላሱ በየፊደሉ ተደናቀፈ። በዚያ አዳራሽ ከተነገሩት ሐሰቶች ሁሉ እንደዚያ በቀላሉ የታመነ የለም።

"ምን ጠጣህ? ስንት?"

ይህን አላሰበበትም ነበር። በሕይወቱ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው፤ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያሰክረው ከየት ይወቅ? ዓይኑን ወዲያና ወዲህ አማተረ፤ የሚያውቀው ትልቅ ዕቃ የባሩድ ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ብቻ ነበር። "ሁለት ጋን" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ሁለት ጋንማ ከጠጣ የሰከረው እሱ ሳይሆን ሰፈሩ ነው!" አለ አንዱ መኮንን፤ ገዥው ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከበባው ከገባ ወዲህ በዚያ አዳራሽ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ የሰውዬውንም አንገት ያተረፈው ይኸው ሳቅ ነው። ገዥው ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ።

"አባትህም እንዲሁ ሰካራም ነበር ይባላል። እውነት ነው?"

ሐኪሙ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አለቃ ውሃ መልሱን መዘነ፤ "አይ" ካለ ዘር ይጠየቃል፤ ዘር ከተጠየቀ ልጁ ቀረች። "እውነት ነው ጌታዬ" አለ። "አባቴም ይጠጣ ነበር።" ጸሐፌ ትእዛዙ ጻፈው። የሞት ቅጣቱ ቀርቶለት፤ ዳግመኛ በከተማይቱ እንዳይገባ ተፈርዶበት፤ በወንዙ በር ወጣ። የጠላት ዘበኞችም አካሄዱን አይተው፤ ይህ ለማን ይጠቅማል ብለው እየሳቁ አሳለፉት።

ከወንዙ ማዶ፤ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፤ የሸክላ ጡብ የሚቃጠልበት ሜዳ ነበር። እዚያ ጭቃ ረጋጭ ሆነ። ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ የገባ ሰው ሁሉ ይንገዳገዳልና፤ በዓለም ላይ እሱን ከሌላው የማይለይ ሥራ ቢኖር ያ ብቻ ነበር፤ እግሩን የሚያይበት አልነበረም። ከበባው በእርቅ መነሣቱን፤ ሐኪሙ ወደ አገሩ መመለሱን፤ ልጁ መዳሯን፤ ኋላም ወንድ ልጅ መውለዷን ከጡብ ጫኞች ሰማ። ልጅ ወለደች የተባለለት ቀን ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ ጓደኞቹ፤ "ዛሬ ከየት አግኝተህ ጠጣህ?" አሉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

በአምስተኛው ዓመት፤ ደረቁ ወራት በገባ ሰሞን፤ በአቧራማው መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጥቅልል ተሸክማ ስትመጣ አየ። ከሩቅ የደከመች መሰለችው። ቀረብ ስትል እግሮቿን አየ፤ አራርቃ ነበር የምትራመደው፤ አንዱ ካሰበችበት አልፎ ይወርዳል፤ ሌላው ይዘገያል። ማን እንደሆነች ከፊቷ በፊት ከእግሯ አወቀ። ከጭቃው ሊወጣ ሞክሮ ወደቀ፤ እሷም ልታነሣው ስትል ላዩ ላይ ወደቀች።

"አባረሩኝ" አለች፤ ፊቷ ጭቃ እንደ ነካው። "ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባልኝ ሲል ጀመረ። አማቴ ጠጥታ ነው አሉ፤ የአባቷ ልጅ ናት አሉ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው አባዬ፤ አልጠጣሁም ብዬ በልጄ ራስ ማልኩ። 'አባትሽ በገዥው ፊት በገዛ አፉ ጠጥቻለሁ፤ አባቴም ይጠጣ ነበር ብሏል፤ አንቺ ከእሱ ልታውቂ ነው?' አሉኝ። ባሌም… ባሌም መሬት መሬት ያያል እንጂ አይናገርም። ልጄን ነጠቁኝ።"

አለቃው ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ሁሉ ገባው። ልጁን ከደዌ ስም ሊያተርፋት ሲል ከስካር ስም ጋር አስሯት ሄዶ ነበር፤ ሰካራም ወንድ ይሳቅበታል፤ ሰካራም የተባለች ሴት ግን ከነሕይወቷ ትቀበራለች። እውነቱን የሚመሰክሩላት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ባሕር ተሻግሯል፤ ሁለተኛው የራሱን ምስክርነት አስቀድሞ አርክሷል።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው፤ አንዱ ሲዘም ሌላው እየደገፈ፤ ወደ ከተማይቱ በር ሄዱ። የበሩ ዘበኛ ገና ከሩቅ፤ "ሁለት ጋን መጣ! ዛሬስ ከነልጁ አራት ጋን ሆነዋል!" ብሎ ጓዶቹን ጠራ። ከብዙ ልመና በኋላ የዘበኞቹ አለቃ መጣ፤ ጠጉሩ ሸብቶ ነበር።

"ያን ጊዜ ዋሽቼ ነው" አለ አለቃው። "አልጠጣሁም። አባቴም አልጠጣም። በሽታ ነው፤ እሷም ታማ ነው። ገዥው ፊት አቅርቡኝ፤ አንገቴን ይውሰደው፤ ብቻ ቃሌን ይስማ።" ለዚህች ንግግር መንገዱን ሙሉ ተለማምዶ ነበር፤ ነገር ግን ድካሙና እንባው ተደርበው ምላሱን አሰሩት፤ ግማሹ ቃል እንኳ በቅጡ አልተሰማም።

የዘበኞቹ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ረጅም ጊዜ አየው። "አለቃ፤ ያን ጊዜ ጠጣሁ አሉ፤ ዛሬ አልጠጣሁም ይላሉ። ያን ጊዜ ዋሽተው ከሆነ ገዥውን ያታለለ ሰው ምስክር ይሆናል? ዛሬ የሚዋሹ ከሆነ ደግሞ ያው ለልጅዎ ብለው ነው። የትኛውን ልቀበልዎት?"

"የአሁኑን! የአሁኑን እንጂ!"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ወንድሜ" አለ፤ በሐዘን። "እንኳን የእርስዎን እግር የእሷንም እያየሁት ነው፤ ምናልባት እውነትዎን ይሆናል። ግን ይህን ብቀበል የልጅ ልጄም ደም ደዌ እንዳለበት እቀበላለሁ ማለት ነው። ሰካራም እናት ነበረችው ቢባል ይሻለኛል።" ይህን ብሎ ፊቱን መለሰ። ልጅቱ የልጇን ስም እየጠራች ወደ በሩ ልትሮጥ ስትል እግሯ ከዳት፤ ዘበኞቹም ሳቁ። አባቷ ከአቧራው ላይ ሲያነሣት፤ በልቡ ከአባቱ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ይቅርታ የሚለምንበት ቃል ግን አጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በጡቡ ሜዳ አብረው ኖሩ። ሐኪሙ የነገራቸውን ሁሉ ያደርጉ ነበር፤ በከባድ ጽዋ ይጠጣሉ፤ ክርናቸውን አሳርፈው ይበላሉ፤ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ። እሱ ጭቃውን ይረግጣል፤ እሷ በቅርጹ ውስጥ ትሞላዋለች፤ እጇ ቢንቀጠቀጥም የእንጨቱ ቅርጽ ጠርዙን ይይዝላታልና ጡቧ ከማንም ጡብ አይለይም ነበር። በከፋቸው ቀን ይጣላሉ። "ለምን አልሰሙኝም?" ትለዋለች፤ እሱ ጭቃውን መርገጡን ይቀጥላል። መናገር ጭራሽ ሲያቅተው እጁን ትይዛለች። እሱ መጀመሪያ ሞተ፤ እሷ ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ልጇንም ዳግመኛ አላየችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእነዚህ ሰዎች እውነት ግን እያደር ደፈረሰ። የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል ስለ ከበባው ብዙ ይናገራል፤ የመድፎቹን ብዛት፤ የመኳንንቱን ጀግንነት፤ የእርቁን ቃል በዝርዝር ያትታል። ስለ ባሩድ አለቃው ያለው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ "ሰክሮ ተገኘ፤ አባቱም ሰካራም ነበረ፤ በገዥው ቸርነት ተማረ" ይላል። ስለ ልጁ ምንም አይልም። በከተማው ሰው አፍ የቀረው ደግሞ የሁለቱ ጋን ቀልድ ነው፤ ዛሬም ሰው ሲስቅበት ይሰማል።

የልጅቱ ልጅ በአያቱ በዘበኞቹ አለቃ ቤት አደገ። የእናቱን ጉሮሮ እንዳይወርስ ተብሎ መጠጥ እንዳይቀምስ በብርቱ ተጠበቀ፤ እሱም ቃሉን ጠብቆ አንድም ቀን ሳይቀምስ ጎልማሳ ሆነ፤ አገባ፤ ወለደ፤ ሹመት አገኘ። አንድ ማለዳ ወደ ሥራው ሊወጣ ሲል የደረጃው መጨረሻ ከእግሩ ራቀበት። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ እውነቱን የሚያውቁት ሁሉ ሞተው ነበር፤ የተነገረውም ሁሉ ስለ መጠጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምንም ሳይጠጣ፤ ሰው እንዳይጠረጥረው፤ ተመልሶ ገብቶ አፉን በደንብ ተጉመጠመጠና ወጣ።